መጀመሪያ «የት ስቴት?» ብለን እንጠይቅ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአንድ ቀን በሦስት ሕግ ሥር ያልፋል። ማለዳ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው አፓርታማው ይነሳል፤ ቀኑን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ ይውላል፤ ማታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ኬላ የለ፣ ፈታሽ የለ። ይሁን እንጂ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሒሳቡ የሚዘጋበት ጊዜ፣ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ንብረት የሚከፋፈልበት መንገድ በሦስቱም ቦታ ይለያያል።

እኛ ግን ሕግን የምንማረው ከሰው አፍ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ላይ፣ የኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ ላይ ወሬው ይነሳል። «ሚስቱ እያለች ማን ይነካዋል? ሁሉም የእሷ ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ ግማሹ የልጆቹ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ሲሞት እንደዚያ ነው የተደረገው» ይላል ሌላው። ሁለቱም አይዋሹም። አንዱ የሚያወራው ቨርጂኒያ ውስጥ ያየውን፣ ሌላው ሜሪላንድ ውስጥ ያየውን ነው። በመካከላቸው ተነስቶ «የት ስቴት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም። ለዓመታት ስታዘብ የቆየሁት ይህን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡንም ሰላሙንም የሚያጣው ይህ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቁ ነው።

እርግጥ ከየት እንደመጣን ሲታሰብ አይፈረድብንም። በአገራችን ዛሬም የውርስ ጉዳይ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ከመረጡ ሙስሊም ወገኖቻችን በቀር ጎንደር የተባለው ጅማም ያው ነው። አሜሪካ ግን ጋብቻን፣ ውርስን፣ የቤት ኪራይን የመሰለውን የዕለት ተዕለት ጉዳይ በአብዛኛው ለየስቴቱ ትታለች። በደመወዝ ረገድ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በ1938 ባወጣው ሕግ ዝቅተኛውን ልክ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ ስቴቱ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ካውንቲው በስቴቱ ላይ ይጨምራል። ይህ 1938ም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደመወዙ እንጀምር። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው። በ2025 ግን ቨርጂኒያ 12.41፣ ሜሪላንድ 15 ዶላር ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግን የያዘው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለትልልቅ ድርጅቶች 17.65፣ ዲሲ ደግሞ 17.95 አድርገውታል። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ መያዝ ያለበት ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ሠራተኛው የሚከፈለው በሚያድርበት ሳይሆን በሚሠራበት ቦታ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ዲሲ ውስጥ እየሠራ «አንተ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነህ» ተብሎ በ13 ዶላር ቢከፈለው መብቱ ተነክቷል። በቲፕ የሚሠሩ አስተናጋጆች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የሰፋ ልዩነት አለው። በ2025 ቀጣሪው በቀጥታ የሚከፍለው ትንሹ መጠን ቨርጂኒያ 2.13፣ ሜሪላንድ 3.63፣ ዲሲ 10 ዶላር ነበር። በሦስቱም ቦታ ግን ቲፑ ተደምሮ ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ ካልሞላ ጉድለቱን የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው፤ ማናጀርም ሆነ ባለቤት ከሠራተኛው ቲፕ ላይ መካፈል አይፈቀድላቸውም።

ብዙ ወገን ገንዘቡን ሳያውቀው የሚያጣበት ሌላ ቦታ አለ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት ላይ። ወረቀቱ «80 ሰዓት» ይላል። ሰውየው «በሳምንት 40፣ በሁለት ሳምንት 80፤ ኦቨርታይም የለኝም» ብሎ ያጥፈዋል። በእውነቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የጓደኛውን ሺፍት ሸፍኖ 50 ሰዓት፣ በሁለተኛው 30 ሰዓት ነበር የሠራው። ሕጉ የሚቆጥረው እያንዳንዱን ሳምንት ለየብቻው ነው፤ ሁለቱን ደምሮ ማካፈል የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት አሥር ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ሊከፈልበት ይገባል። በዲሲው 17.95 ስናሰላው የተከፈለው 1,436 ዶላር ነው፤ ሊከፈለው የሚገባው ግን 1,525.75 ነበር። በአንድ ክፍያ 89.75 ዶላር ቀርቶበታል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከቀጠለ ከ2,300 ዶላር በላይ ይሆናል። ይህ አገር ቤት ላለች እናት ስንት ወር እንደሚያኖር እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

መፍትሔው ሰዓትን በራስ እጅ መመዝገብ ነው። ስልክ ላይም ይሁን ደብተር ላይ፣ የገባሁበት ይህ፣ የወጣሁበት ይህ ብሎ በየቀኑ መጻፍ። ክርክር ሲነሳ ይህ መዝገብ ማስረጃ ይሆናል። ጊዜም አለው። በፌዴራሉ ሕግ አቤቱታው መቅረብ ያለበት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ቀጣሪው እያወቀ አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ የሦስቱ አካባቢዎች የራሳቸው ሕግ በአብዛኛው የሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። ሜሪላንድና ዲሲ ያለ በቂ ምክንያት ደመወዝ የያዘ ቀጣሪ ከዕዳው አልፎ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ገንዘብ እንዲከፍል ሊፈርዱበት ይችላሉ። ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶቹ ለማመልከት ጠበቃ መያዝ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰውም ቢሆን ለሠራበት ሰዓት የመከፈል መብቱ አይወሰድበትም። «ዝም በል፣ ወረቀትህን ያበላሹብሃል» የሚለው ምክር ስንቱን ያለ ላቡ ዋጋ አስቀርቶታል! አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከሥራ መሰናበትም እንዲሁ ነው። ዲሲ ውስጥ ሠራተኛ ያሰናበተ ቀጣሪ በመሠረቱ በማግስቱ የሥራ ቀን ሒሳቡን መዝጋት አለበት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቀጣዩን መደበኛ የክፍያ ቀን ይጠብቃሉ። ሕመምን በተመለከተ ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለየ30 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጥ ታስገድዳለች፤ ዲሲ ከዚያ በፊት ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ቨርጂኒያ እስከ 2025 ድረስ በግል ድርጅት ለሚሠራው አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበራትም፤ የነበረው ለተወሰኑ የቤት ለቤት አስታማሚዎች ብቻ ነው። ሆም ኬር የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሊጠይቁ ይገባል። የቤት ኪራይ ዲፖዚትም አይርሳ። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መቀበልን በመሠረቱ ከልክላለች፤ ዲሲም እንዲሁ አንድ ወር ነው፤ ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ትፈቅዳለች። ተከራዩ ሲለቅ አከራዩ ገንዘቡን ለመመለስ ወይም እንደሚይዝበት በጽሑፍ ለማስታወቅ በሦስቱም ቦታ ያለው ጊዜ 45 ቀን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ።

አንድ ሰው አስቡ። ወደ አሜሪካ ሳይመጣ በፊት አገር ቤት የወለደው ልጅ አለ። እዚህ አግብቶ ሁለት ትንንሽ ልጆች ወልዷል። ቤቱን የገዛው በስሙ ብቻ ነው፣ የባንክ ሒሳቡም በስሙ ብቻ። ኑዛዜ ሳይተው በድንገት ያርፋል። ነዋሪነቱ ቨርጂኒያ ከነበረ ሚስቱ አንድ ሦስተኛውን፣ ሦስቱ ልጆች እኩል ሁለት ሦስተኛውን ያገኛሉ። ሜሪላንድ ከነበረ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ስላለ ሚስት ግማሹን ትወስዳለች፣ ሌላው ግማሽ ለልጆቹ ነው። ዲሲም በእንዲህ ያለው ሁኔታ ግማሽ ትሰጣታለች። ያ አገር ቤት ያለው ልጅ ባይኖርና ልጆቹ ሁሉ የሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ቨርጂኒያ ሙሉውን ለሚስት ስትሰጥ፣ ዲሲ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሜሪላንድ ግን ሕፃን ልጅ እስካለ ድረስ ያንኑ ግማሽ ትሰጣለች። እነዚያ ለቅሶ ቤት የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ሁለቱም ትክክል የሆኑት ለዚህ ነው። አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ወይም ሚስት የጋራ ንብረት ድርሻቸውን ያነሳሉ እንጂ በኑዛዜ ካልተሰጣቸው በቀር ወራሽ አይደሉም፤ የሟች ድርሻ በመጀመሪያ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለ። አገር ቤት ያለው ልጅ ስም በለቅሶው ላይ ሲነሳ አንዳንድ ዘመድ «አሁን ይህን ምን አመጣው?» ይላል። ሕጉ ግን ልጁን ያውቀዋል። በልደት ምስክር ወረቀት ወይም በዲኤንኤ አባትነቱ ከተረጋገጠ እዚህ ከተወለዱት ጋር እኩል ወራሽ ነው። እውነቱን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ሁሉንም በሚገባ አስቦ በኑዛዜ ያስቀመጠ አባት መበለቷንም ልጆቹንም ከጠብ ያድናቸዋል።

ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትም ሊያስቡበት ይገባል። ዲሲ ራሳቸውን ባልና ሚስት አድርገው በስምምነት አብረው የኖሩትን ያለ ሰርተፍኬትም እንደ ተጋቡ ልትቆጥር ትችላለች። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት አብሮ በመኖር ብቻ ጋብቻ አይመሠረትም። በተቃራኒው ደግሞ አገር ቤት በሽማግሌም ሆነ በቤተ ክርስቲያን በሕግ የጸና ጋብቻ ፈጽሞ ሳይፋታ እዚህ ሌላ ኑሮ የመሠረተ ሰው በሕግ ዓይን ሚስቱ ያቺ አገር ቤት ያለችው ልትሆን እንደምትችል ይወቅ።

ከውርስ ሕጉ ውጪ የሚሄድ ትልቅ ገንዘብም አለ። የሕይወት ኢንሹራንስና በሥራ ቦታ የሚጠራቀመው 401ኬ የሚሄደው ቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜ ብንጽፍም ቅጹን አይሽረውም። በዋሽንግተን ስቴት ዴቪድ ኢግልሆፍ የተባለ የቦይንግ ሠራተኛ በ1994 ሚስቱን ፈትቶ ብዙም ሳይቆይ በመኪና አደጋ ሞተ። የኢንሹራንሱና የጡረታው ቅጽ ላይ ግን የተፋታት ሴት ስም እንዳለ ነበር። የስቴቱ ሕግ ፍቺ የቀድሞ የትዳር ጓደኛን ስም በራሱ ይሽራል ይላል፤ ልጆቹም በዚያ ተማምነው ተከራከሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ከሥራ ጋር የተያያዙ እንዲህ ያሉ ጥቅሞች የሚመሩት በፌዴራሉ ሕግ ስለሆነ ቅጹ ያለው ይፈጸማል ብሎ ለቀድሞዋ ሚስት ፈረደ። ያቺ አንድ ገጽ ቅጽ፣ ሥራ በተቀጠርን ቀን በጥድፊያ የሞላናትና ዳግም ያላየናት ቅጽ፣ ከልጆች መብት በላይ ሆነች ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሥራ የጀመርነው ላጤ ሆነን፣ ቅጹ ላይ የሞላነው ወንድማችንን ነው። ከዚያ አገባን፣ ወለድን፤ የሕይወት ኢንሹራንሱ ቅጽ ግን ዛሬም «ወንድም» ይላል። የ401ኬው ነገር ትንሽ ይሻላል፤ የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው ሕጋዊ የትዳር ጓደኛን ያስቀድማል፣ እሷ ወይም እሱ በጽሑፍ ካልፈቀዱ በቀር። ሕፃን ልጅን በቀጥታ ተጠቃሚ አድርጎ መጻፍም ችግር አለው፤ ኢንሹራንሱ ለሕፃን በእጁ ስለማይከፍል ፍርድ ቤት የንብረት ሞግዚት እስኪሾም ገንዘቡ ሊቆይ ይችላል።

ቤትም በሰነዱ ላይ ባለው አጻጻፍ ይወሰናል። ባልና ሚስት በጋራ ስም ሲገዙ በሜሪላንድና በዲሲ አንዳቸው ቢሞቱ ቤቱ በአብዛኛው በሕይወት ላለው ያልፋል። በቨርጂኒያ ግን ይህ ሐሳብ በሰነዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ቤት ሲገዛ ጠረጴዛ ላይ ከሚከመረው ወረቀት ውስጥ ይህችን መስመር ፈልጎ ማንበብ ከቀለሙና ከኩሽናው በላይ የሚጠቅም ነገር ነው።

ኑዛዜ የጻፉትም ቢሆኑ ሥርዓቱን ካላወቁ ልፋታቸው ከንቱ ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ የምትኖር እናት በእጇ፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ ጽፋ የፈረመችው ኑዛዜ ያለ ምስክርም ሊጸና ይችላል፤ ጽሑፉ የእሷ መሆኑን በጉዳዩ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ሰዎች ካረጋገጡ ይበቃል። ያንኑ ወረቀት ሜሪላንድ የምትኖር እህቷ ቤቷ ተቀምጣ ብትጽፈው ግን ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት ዋጋ የለውም። ዲሲም ሁለት ምስክር ትጠይቃለች። በየሱቁ «ኖታራይዝ እናደርጋለን» የሚሉ ወገኖች ብዙ ሰው ረድተዋል፤ ነገር ግን እዚህ አገር ኖተሪ ፊርማን ያረጋግጣል እንጂ ጠበቃ አይደለም፣ ማኅተሙም የጎደለ ምስክርን አይተካም።

አዲስ አበባ ቤት ያላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምሩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚዳኘው ባለበት አገር ሕግ ነው። የእኛ ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ እንዲፈረም ይጠይቃል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው በሁለቱም አገር ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል። ውክልናንም በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ወንድሜ ውክልና አለው፣ እኔ ብሞት እሱ ይጨርሰዋል» ይባላል። ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ በኢትዮጵያም፣ በአሜሪካም። ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜና ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ነው። በሜሪላንድ ደግሞ የውርስ ግብር አለ። ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእህት የሚተላለፈው ከግብሩ ነፃ ነው፤ አጎት ላሳደጋት የእህቱ ልጅ የሚተወው ላይ ግን 10 በመቶ ይከፈላል። እኛ የእህትን ልጅ እንደ ልጅ እናያለን፤ የግብር ሕጉ ግን እንዲህ አያይም።

ከገንዘብ ሁሉ በላይ የሆነ ነገርም አለ፤ ልጆቹ። ባልና ሚስት በአንድ አደጋ ቢያልፉ ሕፃናቱን ማን ያሳድጋቸዋል? ወላጅ ይህን ምርጫውን በኑዛዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። ካላስቀመጠ ግን ልጆቹን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ ዳኛ ከቀረቡለት ሰዎች መካከል ይመርጣል። አያቶቹ አገር ቤት ናቸው፣ አክስቲቱ ቪዛ ላይ ነች፤ የክርስትና እናቲቱ እዚሁ ብትሆንም በወረቀት ላይ ስሟ የለም።

ይህን ሁሉ የምናዘገየው ሟርት እየመሰለን ነው። ስለ ሞት ማውራት ሞት የሚጠራ ይመስለናል። ሆኖም አያቶቻችን ይህን አይፈሩም ነበር። ሲደክማቸው የንስሐ አባታቸውን ጠርተው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ «ከብቱ ለእገሌ፣ እርሻው ለእገሊት፣ ዕዳዬን ለእገሌ ክፈሉ» ብለው ይናዘዙ ነበር። ባሕሉ የእኛው ነው። እዚህ የጎደለው ያንኑ ባሕል ከምንኖርበት ስቴት ሥርዓት ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ለዚህም መንገድ አለ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ መሥሪያ ቤቶቿ ሊያስተናግዱባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ቢሮ ገብቶ «አማርኛ» ማለትና አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ክፍያ የለውም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶችም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የነፃ ሕግ ድጋፍ ድርጅቶችም በሦስቱም ቦታ አሉ። የቀረው የእኛ ነው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ እድሮችና እቁቦች ሰው ሲሞት አስከሬን ለመሸኘት በአንድ ቀን ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ይህ የሚያኮራ ነው። እንዲሁ በዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በሚገኙበት ስቴት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጋብዘው አባሎቻቸው የኢንሹራንስና የ401ኬ ቅጾቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ቢያደርጉ ስንት ቤት ከመፍረስ ይድናል! የእድር መመዝገቢያ ላይ «ኑዛዜ አለዎት? የተጠቃሚ ቅጽዎን መቼ አዩት?» የሚል መስመር መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

እያንዳንዳችን ደግሞ በዚህ ሳምንት ልንሠራው የምንችለው አለ። የደመወዝ ወረቀታችንን ሳምንት በሳምንት ከፍለን እንቁጠር። ቢሮ ደውለን ቅጻችን ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ እንጠይቅ። ከትዳር ጓደኛችን ጋር ተቀምጠን ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ እንወስን፤ ከዚያም ውሳኔያችንን የምንኖርበት ስቴት በሚጠይቀው ሥርዓት እናጽፈው። ሰው ምክር ሲሰጠንም፣ እኛ ለሌላው ምክር ስንሰጥም፣ ከሁሉ በፊት «ይህ የት ስቴት ነው የሆነው?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱ ከራሳችን ስቴት ጋር ካልገጠመ ምክሩን ሳንይዝ፣ የሚያውቀውን ሰው እንፈልግ።